የፕሮጀክቱ ውል ይታደስ አይታደስ ባልታወቀበት ጊዜ ቡድንን መምራት

ጥያቄው፦ «በደቡብ ወሎ ዞን በሕፃናት የምግብ እጥረትና በንጹሕ ውኃ ላይ የሚሠራ የአንድ ፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት የአሜሪካ ድጋፍ ሲቋረጥ ከ23 ሠራተኞች ዘጠኙን ሸኝተናል። የቀረነው በሌላ ለጋሽ ገንዘብ እየሠራን ነው። ይህም ውል ከአራት ወር በኋላ ያበቃል፤ ይታደስ አይታደስ ዋናው መሥሪያ ቤትም አያውቅም። መንገድ በየጊዜው ይዘጋል። ሠራተኞቼ ጠዋት ማታ ይጠይቁኛል። ተስፋ ልስጣቸው ወይስ እውነቱን ልንገራቸው? ሁለቱንም ሞክሬ ሁለቱም አልሆነልኝም።»

«ተስፋ ወይስ እውነት» ብለው ያስቀመጡት ምርጫ ራሱ መንገድ የዘጋብዎት ይመስለኛል። እውነቱን እንዳይናገሩ፣ ውሳኔው ገና ስላልተወሰነ እውነቱ በእርስዎም ሆነ በዋናው መሥሪያ ቤት እጅ የለም። ተስፋ እንዳይሰጡ፣ የሚሰጡት ተስፋ ዋስትና የለውም፤ ሠራተኞችዎ ደግሞ ዘጠኝ ባልደረቦቻቸው ሲሸኙ በዓይናቸው ስላዩ ባዶ ማጽናኛን ገና ከድምፅዎ ይለዩታል። በእጅዎ ያለው ሌላ ነገር ነው፦ የሚታወቀውን ከማይታወቀው ለይቶ መናገር፣ የማይታወቀው መቼ ሊታወቅ እንደሚችል ቀን መቁረጥ፣ በተቆረጠው ቀን ደግሞ ቃልን አክብሮ መገኘት። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ከ20 ዓመት በላይ በቆየሁበት የሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ግን ከዚህ የከበደኝ ነገር ስለሌለ በዝርዝር ልሂድበት።

በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውሱታል። ጥር 12 ቀን የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም ትእዛዝ ወጣ። ጥር 16 ቀን «ሥራ አቁሙ» የሚል መመሪያ ተላለፈ፤ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ሕይወት አድን የሆነው ድጋፍ እንዲቀጥል ተፈቀደ ተባለ፤ የእኔ ሥራ ሕይወት አድን ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን የሚመልስ ሰው አልነበረም። በአገራችን 5000 ያህል የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋረጠ። መጋቢት 1 ቀን ከዩኤስኤይድ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸው ተነገረ፤ ሰኔ 24 ቀን ተቋሙ ራሱ ሥራውን አቆመ። በዚያ መካከል በነበሩት ሳምንታት አንድ ድርጅት ሠራተኞቹን እንዲያነጋግር እንዳግዝ ተጠርቼ በስብሰባው ላይ ተቀምጬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ስለ ትእዛዙ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ ክርክር፣ ስለ ዋሽንግተን ሁኔታ አርባ ደቂቃ ያህል አስረዱ። ሲጨርሱ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሾፌር ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ተነሣና እንዲህ አለ፦ «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አከራዬ ውሉን አድስ ወይም ልቀቅ ብላኛለች፤ ነገ መልስ ትፈልጋለች። ልፈርም ወይስ ዕቃዬን ጭኜ እናቴ ቤት ልግባ?» ሥራ አስኪያጁ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ «ሁሉም ለበጎ ይሆናል ብለን ተስፋ እናድርግ» አሉት። ሰውየው አመስግኖ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ማንም እጁን አላወጣም።

ለዚያ ሾፌር ሊሰጥ የሚችል መልስ ነበረ። ሒሳብ ክፍሉ ጎን ለጎን ተቀምጦ ስለነበር «የየካቲትና የመጋቢት ደመወዝ በባንክ አለ፤ ከመጋቢት በኋላ ስላለው ዛሬ የማውቀው የለም፤ የካቲት 20 ቀን እንደገና እነግርሃለሁ» ማለት ይቻል ነበር። ይህ መልስ አያስደስትም፤ ሰውየው ግን በሱ ቤቱን ሊያስተዳድርበት ይችላል። እርስዎን የሚጠይቁት አሥራ አራት ሰዎችም «ይታደሳል ወይ?» ሲሉ ከቃሉ ሥር ያለው ጥያቄ የዚህ ዓይነት ነው፦ የልጁን የሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ክፍያ ልክፈል? እቁቡን ልቀጥል ወይስ ልውጣ? ሠርጌን ለጥር ልቁረጥ? የብድርና ቁጠባ ማኅበሩን ብድር አሁን ልውሰድ? ስለዚህ ከመናገርዎ በፊት ይጠይቁ። በሚቀጥሉት አራት ወራት የሚወስኑት ከባድ ነገር ምን እንደሆነ እያንዳንዱን ለብቻው ቢጠይቁት፣ እርስዎ ሊመልሱት የሚችሉትና የማይችሉት ወዲያው ይለይልዎታል፤ የሚችሉት ካሰቡት በላይ ሆኖ እንደሚያገኙትም አልጠራጠርም።

አበው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ አለማወቅ ከክፉ ዜና የበለጠ እንደሚያደክም በሙከራም ታይቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 45 ፈቃደኞችን በኮምፒውተር ጨዋታ ከድንጋይ ሥር እባብ መኖር አለመኖሩን እንዲገምቱ አድርገው፣ እባብ በወጣ ቁጥር እጃቸውን በኤሌክትሪክ በመጠኑ ይነዝሯቸው ነበር። ጭንቀታቸው ከፍ ያለው እንደሚነዘሩ እርግጠኛ ሲሆኑ አልነበረም፤ ዕድሉ እኩል በእኩል ሲሆን ነው። ሠራተኞችዎ ያሉት እዚያ መካከል ላይ ነው። ከዚያ ማውጣት ባይችሉም፣ ግምቱን ከቤታቸው ጉዳይ ሁሉ አንሥተው በአንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዲቀር ማድረግ ይችላሉ።

ይህም የሚሆነው በተወሰነ ቀንና ሰዓት በሚደረግ አጭር ስብሰባ ነው። ለምሳሌ በየሳምንቱ ሰኞ ከጠዋቱ 2፡30፣ ከሠላሳ ደቂቃ ያልበለጠ። በስብሰባው መጀመሪያ የምናውቀውን ይናገራሉ፤ ቀጥሎ የማናውቀውን፤ ከዚያ የማናውቀውን ለማወቅ ባለፈው ሳምንት ማንን እንደጠየቁ፣ ምን እንደተመለሰልዎት፣ መልስ ካልመጣም አለመምጣቱን። ብዙ መሪዎች የሚሰናከሉት አዲስ ነገር በሌለበት ሳምንት ነው፤ «ምን ብዬ እሰበስባቸዋለሁ?» ብለው ይተዉታል። ያ ሰኞ ሲዘለል ሠራተኛው የሚረዳው አዲስ ነገር እንደሌለ አይደለም፤ የሚደበቅ ነገር እንዳለ ነው። በዚያው ምሽት ከወረዳ የሰማ፣ ከሌላ ድርጅት ሾፌር ያገኘ፣ በቴሌግራም ያነበበ ሁሉ ክፍተቱን ይሞላዋል። «በዚህ ሳምንት አዲስ ነገር የለም፤ ሐሙስ ዕለት ጠይቄ መልስ አልመጣልኝም» የሚል የአምስት ደቂቃ ስብሰባ ከብዙ አሉባልታ ያድንዎታል። የተናገሩትንም በአንድ ገጽ አጽፈው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፉት፤ በመስክ ያለው ሠራተኛ ተመልሶ ሲመጣ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእርስዎ ቃል እንዲያነብ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ለሚቀርቡዎት ለሁለቱ ወይም ለሦስቱ አስቀድመው አይንገሩ። በትንሽ ቢሮ ውስጥ በር ዘግቶ የተነገረ ነገር ሁሉ ከምሳ በፊት ይታወቃል፤ የሚጎዳውም ወሬው ሳይሆን አንዱ ከሌላው እንደሚበልጥ መታየቱ ነው።

ቃል ስለ መስጠት የምናገረው ከራሴ ስሕተት ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገራችን በገባ ሰሞን በአንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ነበርኩ። ሠራተኛው ተጨንቆ ስላየሁ፣ አንጀቴም ስላልቻለ፣ በአዳራሹ ቆሜ «ከዚህ ድርጅት አንድም ሰው አይሰናበትም» ብዬ ተናገርኩ። ያንን የመናገር ሥልጣንም መረጃም አልነበረኝም። ወዲያው የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ስለከለከለ ቃሌ ለጥቂት ወራት እውነት መሰለ። የአዋጁ ጊዜ አብቅቶ ጥቅምት 2013 ሲደርስ ሰባት ሰዎች ተቀነሱ፤ ደብዳቤውንም የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። ከመካከላቸው አንዷ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ «አይሰናበትም ባይሉን ኖሮ ሐምሌ ላይ ያገኘሁትን ሥራ እገባ ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ የነገረችኝ እንዲሁ እንዳውቀው ብላ ነበር። ማጽናናት የመሰለኝ ነገር የሰውን መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ «አይሆንም»፣ «እርግጠኛ ሁኑ»፣ «እኔ አለሁ» የሚሉትን ቃላት፣ ከኋላቸው ፊርማና ገንዘብ ከሌለ በቀር፣ ለማንም ሠራተኛ ተናግሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ቀኑ ልመለስ፤ በእርስዎ ጉዳይ ሕጉ ራሱ ቀን ይሰጥዎታል ብዬ ስለማምን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ውሉ ሲቋረጥ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። የቀረዎት አራት ወር ነው። እንግዲያው ድርጅቱ ሕጉን አክብሮ ሊሠራ ከፈለገ፣ ይታደስም አይታደስም ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ምን እንደሚሆን ከሁለት ወር በኋላ መወሰን አለበት። ይህንን ለዋናው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ያቅርቡ፦ «እስከዚህ ቀን ከለጋሹ መልስ ካልመጣ፣ ማስጠንቀቂያ እንድንሰጥ ወይም የሁለት ወር ደመወዝ ከሌላ በጀት እንዲያዝልን ውሳኔ እንጠይቃለን» ብለው። ያን ጊዜ ለሠራተኞችዎ የሚናገሩት «አላውቅም» መሆኑ ቀርቶ «እስከዚህ ቀን በጽሑፍ እነግራችኋለሁ» ይሆናል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብዎት አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ብዙ ጠብ የሚነሣውም በዚህ ነው። ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ጊዜው ሲያልቅ በራሱ ይቋረጣል፤ ይህ ከቅነሳ ይለያል፤ የማስጠንቀቂያውም የክፍያውም መብት አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የአሥራ አራቱንም ውል አውጥተው አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ማን ለፕሮጀክቱ ዘመን፣ ማን ለዓመት፣ ማን ላልተወሰነ ጊዜ እንደተቀጠረ ይለዩ፤ ግልጽ ያልሆነውን ለዞኑ የሥራና ሥልጠና መምሪያ ወይም ለሕግ ባለሙያ ያሳዩ። ውሉ በቅነሳ የሚቋረጥበት ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ እስከ 12 ወር ደመወዝ ይደርሳል፤ በቅነሳ ምክንያት ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። በወር 18000 ብር የሚከፈላትንና ስድስት ዓመት የሠራችን ነርስ በምሳሌ ብንወስድ፣ 18000 ለመጀመሪያው ዓመት፣ 6000 በአምስት ሲባዛ 30000፣ የ60 ቀኑ 36000፣ በድምሩ በግርድፉ 84000 ብር ከግብር በፊት ታገኛለች ማለት ነው። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብላታል፤ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ይህንን ስሌት ለእያንዳንዱ ሰው አሠርተው በፖስታ ይስጡት። «ልታሰናብተን ነው» ብለው እንዳይደነግጡ ምክንያቱን አስቀድመው ያስረዱ። መጥፎው ቢመጣ በእጁ ስንት ብር እንደሚኖር ያወቀ ሰው ሌሊቱን በተሻለ ይተኛል፤ ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ቅነሳ ግድ ቢሆን ማን ይቀራል ለሚለው ሕጉ መመዘኛ አስቀምጧል፤ ቀዳሚው ሙያና የሥራ ውጤት ነው፤ በዚህ እኩል ሲሆኑ የአገልግሎት ዘመን፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ነፍሰ ጡርነትና የመሳሰሉት ይታያሉ። መመዘኛውን ስም ሳይጠሩ አስቀድመው ይግለጹት። በአገራችን የዛሬ ሁኔታ፣ መመዘኛው ካልተነገረ የእያንዳንዱ ሰው የትውልድ ቦታና ቋንቋ መመዘኛ ተደርጎ ይወራል፤ አንድ ጊዜ ከተወራ ደግሞ የትኛውም ማስረጃ አያጠፋውም።

ስለ ሄዱት ዘጠኝ ሰዎች ጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈዋቸዋል። የቀሩት አሥራ አራቱ ግን አላለፏቸውም ብዬ እሰጋለሁ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ እድሩ ወንበርና ድስት ያመጣል፤ ባልደረባ ከሥራ ሲሰናበት ግን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ በማግስቱ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። የቀረው ሰው ደስታም ሐዘንም ያልሆነ ስሜት ይዞት ይቆያል፤ «ለምን እኔ ቀረሁ?» የሚለው ጥያቄ ከ«ቀጣዩ እኔ ነኝ ወይ?» ጋር ተቀላቅሎ ሥራውን ያደነዝዘዋል። እርስዎ ይህን በስንፍና እንዳይተረጉሙት እለምናለሁ። ቡና አስፈልተው፣ የሄዱትንም ጋብዘው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጡ ሥራ የፈቱ አይምሰልዎ። ከዚያም አልፎ የዘጠኙን ጉዳይ ይፈትሹ፦ የሥራ ልምድ ደብዳቤያቸው ወጥቷል? የጡረታ መዋጯቸው በትክክል ገቢ ሆኗል? ደውሎ የጠየቃቸው አለ? የቀሩት የራሳቸውን ነገ የሚያነቡት በሄዱት ላይ ነው። ሥራ ለቃ ከስድስት ወር በኋላ ለልምድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ የተመላለሰች ባልደረባ ያለቻቸው ሠራተኞች፣ እርስዎ ሰኞ ሰኞ የሚናገሩትን አያምኑም።

አሁን ወደ ሥራው። በቀውስ ጊዜ ሰውን አጽንቶ የሚያቆመው ሥራ ነው ሲባል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ምሳሌነት ይነሣል። በኮቪድ ጊዜ የመንገደኛ በረራ ሲቆም፣ በአቶ ተወልደ ገብረማርያም መሪነት 25 ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖች መቀመጫቸው ተነሥቶ ጭነት እንዲያጓጉዙ ተደረገ፤ አየር መንገዱ ያን ጊዜ ሳይወድቅ የቆየው በዚህ ነው። ምሳሌው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሲነገር የሚዘለል ነገር አለው። አየር መንገዱ የጭነት ማስተናገጃውንም የራሱን ጥገና ክፍልም ለዓመታት ሲገነባ ቆይቶ ነው በሳምንታት ውስጥ ፊቱን ማዞር የቻለው። የአሥራ አራት ሰው ፕሮጀክት እንዲህ ያለ ሁለተኛ ክንፍ የለውም፤ ስለዚህ «እንደ አየር መንገዱ ፈጠራ አሳዩ» ብለው ሠራተኛውን አያስጨንቁት። ከዚያ ታሪክ ለእርስዎ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ ጥገና ሠራተኛው ወንበር ሲፈታ ያ ሥራ ዛሬ እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበር።

ለእናንተ ያ ሥራ የትኛው ነው? ውሉ ቢታደስም ባይታደስም የማይባክነው። የአራት ወሩን ዕቅድ ዘርግተው ከቡድንዎ ጋር ሆነው እያንዳንዱን ተግባር በዚህ ሚዛን ይመዝኑት። አዲስ የውኃ ነጥብ ቁፋሮ መጀመር ይባክናል፤ ለጋሹ ካልመጣ ግማሽ ጉድጓድ ይቀራል። ያሉትን ማዳን ግን አይባክንም። የቀበሌው የውኃ ኮሚቴ የአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፑን ዘንግ ራሱ ስቦ አውጥቶ ያለቀውን ዩ-ሲል ጎማ መቀየር ከቻለ፣ መለዋወጫውን የት እንደሚገዛ ካወቀ፣ ከየቤቱ የሚሰበሰበውም ገንዘብ በደብተር ከተያዘ፣ እናንተ ብትሄዱም ያ መንደር ውኃ ይጠጣል። በምግብ እጥረቱም በኩል የእናንተ ባለሙያ ለኪ ሆኖ ከቀጠለ እሱ ሲሄድ ልኬቱ ይቆማል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና እናቶች ራሳቸው የክንድ ዙሪያ መለኪያውን ይዘው ክንዱ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች የሆነውን፣ ማለትም በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳውን ሕፃን ለይተው ወደ ሕክምና መላክ ከቻሉ ግን ሥራው በእነሱ እጅ ይቀራል። ይህን ከዛሬ ጀምሮ ቢሠሩት፣ ውሉ ሲታደስ የተሻለ ፕሮጀክት ይኖርዎታል፤ ባይታደስ ደግሞ በሰነድ የተደረገ በጎ ርክክብ። እያንዳንዱም ሠራተኛ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ «ዛሬ የሠራሁት ይቀራል» ማለት ይችላል። ሰው ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ሥራው ከንቱ እንዳይቀር ይፈራል። የጤናና የውኃ ሰዎች ደግሞ ይህ ፍርሃታቸው ከሌላው የበረታ ነው፤ በስማቸው የሚያውቋቸው ሕፃናት አሉና።

ዕቅዱን በሁለት ሁለት ሳምንት ይቁረጡት። የአራት ወር ግብ ለተጨነቀ ሰው ሩቅ ነው።

ስለ መንገዱ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፀጥታው ባልተረጋጋበት አካባቢ የመስክ ጉዞ ውሳኔ ለደፋሩ ሰው ፈቃድ መተው የለበትም። ሥራው እንዳይቋረጥ፣ ሪፖርቱ እንዲያምር፣ ውሉ እንዲታደስ ብለው ራሳቸውን አደጋ ላይ የሚጥሉ ወጣት ሠራተኞች አሉ፤ እርስዎም «ጀግና ናቸው» ብለው ካመሰገኗቸው ሌሎቹ ለመከተል ይገደዳሉ። ስለዚህ ደንቡ የተጻፈና ለሁሉም አንድ ይሁን፦ ማለዳ ከአካባቢው ሰዎችና ከትራንስፖርት ማኅበሩ ሳይጠየቅ መኪና አይወጣም፤ ከሁለቱ ምንጭ አንዱ ከተጠራጠረ ጉዞው ይቀራል፤ ሾፌሩ «አልሄድም» ካለ ምክንያት አይጠየቅም፣ አለቃም አይሽረውም። ኢንተርኔት ሲጠፋ በመደበኛ ስልክ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ስልክም ሲጠፋ የት እንደሚታደር አስቀድሞ ይወሰን። የቀረ ጉዞ በማንም የሥራ አፈጻጸም ላይ እንደማይቆጠር በጽሑፍ ቢያረጋግጡላቸው፣ ስለ ደኅንነት ከሚሰጡት ሥልጠና ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ብዙ አስተባባሪዎች የሚፈሩትንም ልንካው፦ «ሁኔታውን በግልጽ ከነገርኳቸው ሥራ ፈልገው ይሄዱብኛል»። አዎን፣ አንዳንዶቹ ይሄዳሉ። ባይነገራቸውም እየፈለጉ ነው፤ ልዩነቱ ተደብቀው መፈለጋቸው ነው። ይልቅ ለቃለ መጠይቅ ፈቃድ እንደሚሰጡ፣ የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጽፉ፣ የሥራ ልምዳቸውንና የወሰዱትን ሥልጠና የሚገልጽ ማስረጃ ለሁሉም ከወዲሁ እንደሚያዘጋጁ ይናገሩ። በምላሹ አንድ ነገር ይጠይቋቸው፤ ሥራ ያገኘ ሰው አስቀድሞ እንዲነግርዎትና ሥራውን በአግባቡ አስረክቦ እንዲሄድ። ያለ ማስገደድ በዚህ መንገድ የተጠየቀ ሠራተኛ በአብዛኛው ቃሉን ይጠብቃል፤ የማይጠብቅም አለ፤ በእሱ ጥፋት ሌሎቹን አይቅጡ።

ስለ ራስዎ ምንም አልጠየቁም። ነገር ግን «ጠዋት ማታ ይጠይቁኛል» በሚለው ቃልዎ ውስጥ ድካም አነበብኩ። የእርስዎም ውል የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው፤ የእርስዎም ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አለባቸው። ይህን ከሠራተኞችዎ መደበቅ አያስፈልግም፤ «እኔም እንደ እናንተ ቀኑን እየጠበቅኩ ነው» ማለት መሪነትን አይቀንስም። መላ ጭንቀትን በእነሱ ላይ ማራገፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን የሚሰማ ከቡድኑ ውጭ የሆነ አንድ ሰው ያስፈልግዎታል፤ የንስሐ አባት፣ ሼኽ፣ የቀድሞ አለቃ፣ ወይም በሌላ ድርጅት ተመሳሳይ ቦታ ያለ ወዳጅ። ጠዋት ማታ ለሚመጣው ጥያቄም ድንበር ያብጁለት፤ የሰኞው ስብሰባ ከተከበረ በኋላ «ሰኞ እመልስልሃለሁ» ማለት ይችላሉ፣ ጠያቂውም አይቀየምም፤ ሰኞ እንደሚመጣ ያውቃልና።

የመጀመሪያውን ሰኞ ቀለል አድርገው ይጀምሩት። ውሎቹን አንብበው፣ ሒሳብ ክፍሉ የስንት ወር ደመወዝ በባንክ እንዳለ በቁጥር አረጋግጦልዎ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት የጻፉትን ደብዳቤ ግልባጭ በእጅዎ ይዘው ይግቡ። «እስከ ዛሬ የመለስኩላችሁ ትክክለኛ አልነበረም፤ አንድ ቀን ተስፋ፣ አንድ ቀን ስጋት ስነግራችሁ ቆይቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የማውቀውንና የማላውቀውን ለይቼ እነግራችኋለሁ» ብለው ይክፈቱት። ከመክፈትዎ በፊት ግን በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ይቁጠሩ። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ የሚጎድሉት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ የማታው ጥበቃ ተረኝነቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄዷል፣ ጽዳቷ «እኔን አይመለከትም» ብላ ከበር ላይ ቀርታለች፣ ሾፌሩ ለነዳጅ ወረፋ ተልኳል። እነሱ ሳይመጡ አይጀምሩ።